ሐይቁን ባሕር ያደረገው ዓሣ

ሳልመን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ አንድ ነው። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል፣ በጨው ውኃ አድጎ ይጎለምሳል፣ ከዚያም ፏፏቴ እየዘለለ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜይን ግዛት ግን ዕድሜውን ሙሉ ጨው ውኃ ሳይቀምስ የሚኖር ሳልመን አለ። ሐይቅ ውስጥ ያድጋል፣ ሐይቅ ውስጥ ይሰባል፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ልክ እንደ ባሕሩ ወንድሙ ወንዙን ሽቅብ ተያይዞ ወደ ተፈለፈለበት ጠጠር ይገሠግሣል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሳላየው ማደር አልሆነልኝም። ሄጄ አየሁት፤ አይቼም ወደድኩት።

ማረፊያዬ የግዛቲቱ ትልቋ ከተማ ፖርትላንድ ነበረች። ያስተናገዱኝ አዛውንት የደብረ ታቦር አካባቢ ሰው ናቸው፤ ፖርትላንድ ውስጥ ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አድርሰዋል። ጧት ቡና እየተፈላ ስለ ሐይቁ ስጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ጀበናው አመለከቱኝ።

«የምትሄድበት ሐይቅ እኮ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በፖርትላንድና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች 200 ሺህ ገደማ ሰው የሚጠጣው ውኃ የሚቀዳው ከሴባጎ ሐይቅ ነው። ውኃው ከመነሻው ንጹሕ ስለሆነ ጀርም የሚገድል ሕክምና ይደረግለታል እንጂ በማጣሪያ አያልፍም። በአሜሪካ ከሐይቅና ከወንዝ ቀድተው ያለ ማጣሪያ እንዲያከፋፍሉ የተፈቀደላቸው ከተሞች በጣም ጥቂት ናቸው። የሴባጎን ሳልመን ሺህ ዓመታት ያኖረውም ይኸው ቀዝቃዛና ጥሩ ውኃ ነው። ከዚያ ቡና ሦስቱንም ስኒ ጠጥቼ ከሳቸው ጋር መንገድ ጀመርኩ።

ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነዱ ሐይቁ ይደረሳል። በጥቅምት ወር የሜይን ደን ቀልብ ይሰርቃል። የሜፕል ዛፉ ቀልቷል፣ በርቹ ወርቅ መስሏል፣ ጥዱ ብቻ እንደ አረንጓዴነቱ አለ። በዛፎቹ መሐል መጀመሪያ ብልጭ የሚል ነገር ይታያል፣ ከዚያ ሰማዩ ሰፋ ይላል፣ ከዚያ ሴባጎ ራሱ ይዘረጋል።

ስፋቱ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣናን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነው፤ ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ሲሆን የሴባጎ 96 ሜትር ይደርሳል። የሐይቁ ጥልቅ ወለል ከባሕር ጠለል በታች ይወርዳል። ዳርቻው ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሰማያዊ ገጽታውን ብቻ ነው የሚያየው፤ የሳልመኑ ቤት ያለው ግን ከዚያ በታች፣ በበጋው ሙቀት እንኳ ውኃው በማይሞቅበት ጨለማ ውስጥ ነው።

ይህን ጉድጓድ የቆፈረው በረዶ ነው። ባለፈው የበረዶ ዘመን ሜይን ከዳር እስከ ዳር በግዙፍ የበረዶ ግግር ተሸፍና ነበር። ግግሩ በዝግታ እየተንሸራተተ አለቱን ፋቀው፣ ሸለቆውን አጎደጎደው። ከክብደቱም የተነሣ መሬቱ ራሱ ወደ ታች ሰጠመ። ከዐሥር ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ረጅም የመቅለጫ ዘመን ባሕሩ ወደ ሰጠመው ምድር ዘልቆ ገባ፤ ኋላም ሸክሙ የቀለለለት መሬት ቀስ እያለ ቀና ሲል ባሕሩ ወደ ኋላው አፈገፈገ። የአትላንቲክ ሳልመን አዲሶቹን ወንዞችና ሐይቆች ያገኘው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ እንደ ልማዱ ወደ ባሕር ተመላለሰ፤ አንዳንዱ ሐይቁ ውስጥ ቀረ።

ይህ መቅረት ነው ልቤን የወሰደው። ነገሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ዓሣው መውጫ አጥቶ፣ መሬት ዘግቶበት የታሰረ ይመስለዋል። ሴባጎ ግን መውጫ ነበረው። ፕሪዛምፕስኮት የሚባለው ወንዝ ከሐይቁ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ካስኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የሰው ግድብ እስኪመጣ ድረስ ለሺህ ዓመታት በሩ ክፍት ነበር። ሳልመኑ ያን በር እያየ ቀረ። ሳልመንን ወደ ውቅያኖስ የሚያስኬደው ምግብ ነው፤ ጠባብ ወንዝ ትልቅ ዓሣ አያጠግብም። ሴባጎ ውስጥ ደግሞ ቀዝቃዛና ኦክስጅን የጠገበ ጥልቅ ውኃ አለ፣ ስሜልት የሚባለው ጣት የምታህል ብርማ ዓሣም በመንጋ አለ። እንዲህ ያለ ማዕድ ለተዘረጋለት ዓሣ የውቅያኖሱ ሩቅ መንገድ፣ ከነሻርኩና ከነሲሉ፣ ምን ያደርግለታል?

እ.ኤ.አ. በ1853 ቻርልስ ዢራር የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ይህን ዓሣ «ሳልሞ ሴባጎ» ብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ መዝግቦት ነበር። በኋላ ሲጣራ ከአትላንቲክ ሳልመን የማይለይ፣ በኑሮው ብቻ የተለየ መሆኑ ታወቀ። በሜይን ከጥንት ጀምሮ የኖረው በአራት የሐይቅ ተፋሰሶች ነው፤ በሴባጎ፣ በግሪን ሌክ፣ በሴቤክና በዌስት ግራንድ ሌክ። ዛሬ ከመቶ በላይ ሐይቆች ውስጥ የሚገኘው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እንቁላሉ በመፈልፈያ እየተራባ ስለተሠራጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ከአሜሪካ የተላከ እንቁላል ውቅያኖስ አቋርጦ አርጀንቲና ገባ። በፓታጎንያ ተራሮች ሥር ባሉ ሐይቆች ይህ ሳልመን እስከ ዛሬ ይኖራል። ሜይንም እ.ኤ.አ. በ1969 የግዛቲቱ ይፋዊ ዓሣ አድርጋ አወጀችው።

አጥማጆቹ ከዚያ በፊት በልባቸው አውጀውታል። የሐይቁ በረዶ በሚያዝያ ሲሰነጠቅ ስሜልት ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ትጠጋለች፤ ሳልመኑም ተከትሏት ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ጀልባ ሁሉ ውኃ ላይ ነው። መንጠቆ የነካው ሳልመን መላ ሰውነቱን ከውኃ አውጥቶ ደጋግሞ ይዘላል፤ በዚህ ባሕርይው ያላበደ አጥማጅ የለም። አብዛኛው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም። ይሁንና እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1907 ኤድዋርድ ብሌክሊ የተባለ ሰው ከዚሁ ከሴባጎ 10.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳልመን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሜይን ክብረ ወሰን ይኸው ነው፤ የሰበረው የለም።

እኔ ግን የመጣሁት ለማጥመድ አይደለም። ለማየት ነው። ለማየት ደግሞ ከሐይቁ ወደ ወንዙ መሄድ ያስፈልጋል።

ሐይቁን ከሚመግቡት ገባሮች ለሳልመኑ ዋናው ክሩክድ ወንዝ ነው። ቤቴል ከምትባለው ከተማ አካባቢ ከሚገኝ ኩሬ ተነሥቶ፣ ደኑን እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ ይወርድና በሶንጎ ወንዝ በኩል ሴባጎ ይገባል። የሐይቁ የዱር ሳልመን በብዛት የሚራባው እዚህ ነው። ኔፕልስ ከተባለችው ከተማ ወጣ ብሎ ኢድስ ፏፏቴ አለ። ፏፏቴ ይባል እንጂ ከፍታው እንደ ጢስ ዓባይ አይደለም፤ ውኃው በአለት ደረጃዎች ላይ እየተረጨ የሚወርድበት ጠባብ ቦታ ነው። ዳር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ አንድ ጥቁር ቡናማ ጀርባ ከነጩ አረፋ ተስፈንጥሮ ወጣ። አለቱን መታና ተመለሰ። እንደገና ዘለለ። አሁን ከላይ ካለው ገንዳ ገባ።

ከፏፏቴው ራቅ ብሎ ወንዙ ይሰፋል፣ ይሣሣል። ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ስለሆነ ታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዚያ ጠጠር ላይ አንድ ገጣባ የመሰለ ነጣ ያለ ቦታ አየሁ፤ ዙሪያው በአልጌ ጠቁሯል፣ እሱ ግን አሁን የታጠበ ይመስላል። በላዩ ሴቷ ሳልመን ቆማለች። ክንድ የምታህል ናት። ውኃው ወደ ታች ይገፋታል፤ እሷ ጭራዋን በዝግታ እያወዛወዘች ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ድንገት በጎኗ ተጋደመች። ብርማ ሆዷ ብልጭ አለ፤ ጭራዋን አራት አምስት ጊዜ በኃይል አርገበገበች። ጠጠሩን አልነካችውም። ጭራዋ የሚፈጥረው የውኃ ስበት ራሱ ጠጠሩን ያነሣዋል፣ ወራጁም ትንሽ ወደ ታች ወስዶ ይጥለዋል። ጉድጓዱ እንዲህ ነው የሚቆፈረው። አረፈች፣ ዞረች፣ የሆድ ክንፎቿን ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ አድርጋ የለካች መሰለች፣ እንደገና ተጋደመች።

ወንዱ ከኋላዋ ነበር። በዚህ ወቅት ጠቁሮ ነሐስ መስሏል፤ የታችኛው መንጋጋው ጫፍ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ሌላ ወንድ ሲጠጋ ተወርውሮ ያባርረውና ይመለሳል። በመጨረሻ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው መላ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ። የወንዱ ዘር በውኃው ላይ እንደ ጢስ ታየና ጠፋ። ሴቷ ወዲያው ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ብላ መቆፈር ጀመረች፤ ከዚያ የሚነሣው ጠጠር በእንቁላሎቹ ላይ እየወረደ አለበሳቸው። አዲሱ ጉድጓድ ለቀጣዮቹ እንቁላሎች አልጋ፣ ለፊተኞቹ ደግሞ ብርድ ልብስ ሆነ።

እነዚያ እንቁላሎች ክረምቱን ሙሉ በጠጠሩ መሐል በሚያልፈው ቀዝቃዛ ውኃ እየተነፈሱ ይቆያሉ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ይፈለፈላሉ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ከሆዳቸው ሥር የያዙትን አስኳል እየተመገቡ እዚያው ይሸሸጋሉ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ይወጣሉ። ወንዙ ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይቆዩና ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ሲሄዱ የወንዛቸውን ሽታ ይዘው ነው የሚሄዱት። አድገው የሚመለሱትም ያንኑ ሽታ ተከትለው ነው። የፓስፊክ ሳልመኖች አንዴ ከተራቡ በኋላ ይሞታሉ፤ ከእነሱ ወገን የሐይቅ ኑሮ ያለው ኮካኒም እንደዚያው ነው። የሴባጎው ሳልመን ግን ቢከሳም፣ ቢጎሳቆልም፣ ወደ ሐይቁ ተመልሶ ሊያገግምና በሌላ ዓመት ዳግም ሊወጣ ይችላል።

አብረውኝ የነበሩት አስተናጋጄ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ጉማራን አስታወሰኝ» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ክረምት ሲወጣ፣ ድፍርሱ ጎድሎ ውኃው ሲጠራ፣ ከጣና የሚመጣ ትልልቅ ዓሣ ነበር። ልጆች ሆነን እናየዋለን። እንዲህ ጠጠሩ ላይ ይርመሰመሳል።»

የሳቸው ትዝታ ሳይንሱም የሚመሰክረው ነው። ጢስ ዓባይ ከታችኛው ዓባይ የለያቸው፣ ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ወደ ብዙ ዝርያዎች ተከፋፍለዋል። ከእነሱም ውስጥ በርከት ያሉት ሐይቁ ውስጥ ያድጉና በክረምቱ ማብቂያ ገደማ ጉማራን፣ ርብንና ሌሎች ገባሮችን ወጥተው በጠራ ውኃ፣ በጠጠር ላይ ይራባሉ። በዘር ከሳልመን ጋር አይዛመዱም፤ የሕይወታቸው መንገድ ግን አንድ ነው። ፈተናቸውም ይመሳሰላል፤ በመራቢያው ወቅት የወንዙ አፍ በመረብ ከተዘጋ ሐይቁ ምን ያህል ቢሰፋ አያድናቸውም።

ከሴባጎ ገባሮች በአንዱ ላይ የግዛቲቱ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ሽቅብ የሚወጣውን ሳልመን በወጥመድ አቆይተው እየለኩ ሲለቅቁ አየሁ። አንዷ ሠራተኛ እርጥብ ጓንት አጥልቃ አንዱን ዓሣ በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው። ጎኑ ላይ የተበተኑት ጥቁር ነጠብጣቦች አንዳንዶቹ የመስቀል ቅርጽ አላቸው። ቁመቱን ለካች፣ መዘነችው፣ ከጎኑ ጥቂት ቅርፊት በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርጋ በትንሽ ፖስታ ውስጥ ከተተች። ዓሣው ወደ ውኃው ተመለሰ። ከዚያ ቀደም ሲል የተወሰደ ቅርፊት በማጉያ መነጽር አሳየችኝ። ልክ እንደ ዛፍ ግንድ ዙሪያ ዙሪያውን ቀለበት አለው። መሐሉ ላይ ያሉት ቀለበቶች እርስ በርስ ተጠባብቀዋል፤ ዓሣው ወንዝ ውስጥ በችግር ያደገባቸው ዓመታት ናቸው። ከዚያ በድንገት ቀለበቶቹ ይራራቃሉ። ሐይቁ የገባው፣ ስሜልት አግኝቶ የጠገበው ያን ጊዜ ነው። ከባሕር በሚመለስ ሳልመን ቅርፊት ላይም እንዲሁ የሚታይ ዝላይ አለ። ሴባጎ ለዚህ ዓሣ ባሕር መሆኑን ዓሣው ራሱ በገላው ጽፎታል። በጉዞዬ ሁሉ እንደዚያች ቅርፊት የማረከኝ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ውበት ግን በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሴባጎ ዙሪያ ይረጭ የነበረው ፀረ ተባይ ዲዲቲ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ በሳልመኑ ሥጋ ተከማችቶ ነበር፤ በዚያው ዘመን የሳልመኑ ቁጥርም ክፉኛ አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ሌክ ትራውት የተባለ ዓሣ ደግሞ ያችኑ ስሜልት ይሻማል። ከሜይን ወጣ ብሎ ለሚያይ የከፋም አለ። የኦንታርዮ ሐይቅ በአንድ ወቅት በሳልመን የታወቀ ነበር፤ ወንዞቹ በወፍጮ ግድብ ሲዘጉ፣ ደኑ ሲመነጠር፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ የአገሬው ሳልመን ከሐይቁ ጠፋ። በፊንላንድ ሳይማ ሐይቅ የሚኖረው ሳልመን የመራቢያ ወንዞቹ በኤሌክትሪክ ግድቦች ስለተያዙበት ዘሩ የተረፈው በሰው መፈልፈያ ነው። በሁሉም ቦታ ሐይቁ አለ። የጠፋው ወንዙ ነው።

ስለዚህ ወደ ፖርትላንድ ስመለስ ዋናውን መንገድ ትቼ የፕሪዛምፕስኮትን ዳር ይዤ ወረድኩ። በአካባቢው ነባር የሆኑት የዋባናኪ ሕዝቦች በዚህ ወንዝ ዓሣ ኖረዋል። በ1730ዎቹ ኮሎኔል ቶማስ ዌስትብሩክ ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲል ባለው ፏፏቴ ላይ ግድብ ሠራ፤ ዓሣው መውጫ አጣ። ፖሊን የተባለው የወንዙ ሕዝብ አለቃ እ.ኤ.አ. በ1739 ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ ቦስተን ገባና ገዥው ጆናታን ቤልቸር ፊት ቀርቦ ለዓሣው መተላለፊያ ይበጅለት አለ። ወንዙ ግን ጭራሽ በግድብ ላይ ግድብ እየተደረበበት ሄደ። ፖሊንም በ1756 በጦርነት ላይ ሞተ።

ያ ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መመለስ ጀምሯል። በፏፏቴው ላይ የነበረው የስሜልት ሂል ግድብ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረሰ። ከሱ በላይ ባለው በከምበርላንድ ሚልስ በ2013 የዓሣ መተላለፊያ ተሠራ። የዌስትብሩክ ከተማ መሐል ያሉት የሳካራፓ ግድቦች ደግሞ በ2019 ተነሡ። ሳካራፓ ላይ ቆሜ ውኃው በአለቱ ላይ እንደ ልቡ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ በላይ እስከ ሐይቁ ድረስ ግን ገና ያልተከፈቱ ግድቦች አሉ።

የሴባጎ ሳልመን ሐይቁን የመረጠው የባሕሩ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ያለው ግን መንገዱ ተዘግቶበትም ጭምር ነው። ቀሪዎቹም ግድቦች መተላለፊያ እንዲበጅላቸው፣ ክሩክድ ወንዝም ደኑን እንደ ለበሰ እንዲቆይ ከልቤ እመኛለሁ። ያን ጊዜ ሳልመኑ ሴባጎ ውስጥ ቢቀር፣ እንደ ጥንቱ ወዶ ይቀራል።